በእህቴ የአረብ አገር ገንዘብ ካሜራ ገዝቼ ላከራይ?

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ጽሑፍዎን ሁሌ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

31 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአባቴ የወረስኳት ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤቷ ተዘርፋ የቀረን ባዶ ግድግዳ ነበር። ካሜራው፣ ማተሚያው፣ መብራቱ፣ አባቴ ለዓመታት ያኖራቸው የሰው ፎቶዎች ሳይቀሩ ሄዱ። እንደገና የቆምኩት ታናሽ እህቴ ከሳዑዲ በላከችልኝ ብር ነው። ያንን ብር እስካሁን አልመለስኩላትም። እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬ ሁለት የካኖን ካሜራ አለኝ፤ አንድ 5ዲ ማርክ 4 እና አንድ አሮጌ 6ዲ። ሠርግ፣ ኒካህ፣ ምርቃት፣ የልደት በዓል፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ።

አሁን እህቴ ሰባተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። ያጠራቀመችውን 320,000 ብር ወደ እኔ ሒሳብ አስገብታለች። «በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ጠቅልዬ ስመጣ የሚጠብቀኝ ሥራ አዘጋጅልኝ» ብላኛለች። እኔም «አብሽሪ፣ አንድ ነገር እጀምርልሻለሁ» አልኳት። ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ያሰብኩት ይህን ነው። በደሴም በኮምቦልቻም ካሜራ የሌላቸው ካሜራማኖች ብዙ ናቸው። «ቦዲ አከራየን» እያሉ ይደውሉልኛል፤ ሌንስ የሌለውን የካሜራውን አካል ማለታቸው ነው። የአንድ ቀን ኪራይ ቦዲ ብቻ 1,500 ብር ይከፍላሉ። ከአዲስ አበባ ሁለት ያገለገሉ 5ዲ ማርክ 4 በ150,000፣ በ150,000 ብር አገኛለሁ። በቀሪው ብር ባትሪና ሜሞሪ እገዛለሁ። እያንዳንዱ ካሜራ በወር 12 ቀን ቢወጣ ሁለቱ 36,000 ብር ያስገባሉ። በዘጠኝ ወር ዋጋቸውን መለሱ ማለት ነው። ሹተሩ (ፎቶ በተነሣ ቁጥር ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ቢያልቅ እንኳ አዲስ አበባ ያለ ጠጋኝ በ30,000 ብር እንደሚቀይርልኝ ነግሮኛል።

እናቴ ግን «ወርቅ ገዝተህ አስቀምጥላት» ትላለች። ሌላው የሚያሳስበኝ ዘመድ ነው። ባለፈው ጥምቀት የአጎቴ ልጅ 6ዲውን በነጻ ወሰደው። ሲመልሰው ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ የሌንሱ መግጠሚያ ላይ ውኃ ገብቷል። «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ ሄደ። የውኃውን ብቻ ለማስጠገን 9,000 ብር ከኪሴ አወጣሁ። ለእሱ ምንም አላልኩትም፤ ስክሪኑም እስካሁን እንደተሰነጠቀ ነው። ለእሱ በነጻ ሰጥቼ ለሌላው ሳስከፍል ያሳፍረኛል። ሁሉንም ላስከፍል ስል ደግሞ ይሉኝታ ይይዘኛል።

እትዬ፣ ካሜራ ማከራየት ያዋጣል? ልግዛ ወይስ ልተወው?

ይሉኝታ የያዘው፣ ከደሴ

❖

ውድ ወንድሜ፤

ሰላም ለአንተና ለእናትህ። አባትህን ነፍሱን ይማረው። የሰው ፎቶ ለዓመታት ያኖር የነበረ ሰው፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር በዚያ ብቻ ይታወቃል። ፎቶ ቤቱን ከባዶ ግድግዳ አንስተህ እዚህ ማድረስህም ቀላል ነገር አይደለም። አንተ ግን በደብዳቤህ እንደ ዋዛ አለፍከው።

እንደ ዋዛ ያለፍከው ሌላም ዓረፍተ ነገር አለ። «ያንን ብር እስካሁን አልመለስኩላትም።» ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የጠየቅከኝ ሒሳብ ነውና ከሒሳቡ እንጀምር። እኔ የካሜራ ሰው አይደለሁም፤ ግን ደብዳቤህን ይዤ ዕድሜውን በዚህ ሥራ ለጨረሰ አንድ ወዳጄ ደውዬ ነበር። እሱ የነገረኝንና እኔ በእርሳስ የደመርኩትን አቀላቅዬ ልንገርህ።

ያልተዋጠልኝ ነገር «በወር 12 ቀን» የምትለዋ ናት። ወሎ ውስጥ ሠርግ በወር በወሩ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የክርስቲያኑ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ይጎርፍና ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀጥ ይላል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል። የሙስሊሙ ሠርግ ደግሞ ከረመዳን በፊትና በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ሁለቱ እየተፈራረቁ ያኖሩሃል፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ይድራል። የወሎ ካሜራማን በዚህ ዕድለኛ ነው ይባላል። አሁን ያለፉትን ሁለት ዓመታት አስብ። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። በ2018 ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ረመዳን የካቲት 11። ሁለቱም ቤት በአንድ ሳምንት ጾም ያዘ። በ2018 ከጥምቀት በኋላ የነበሩህ ቅዳሜና እሑዶች አራት ብቻ ናቸው። አራት! መጋቢት ላይ ፎቶ ቤትህ ውስጥ ምን ስታደርግ እንደነበር ታስታውሳለህ? ያን ጊዜ ሁለት የእህትህ ካሜራዎች መደርደሪያው ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮስ?

የ2019 አቆጣጠር እንደሚሻል አይቻለሁ። ረመዳን ወደ የካቲት መጀመሪያ ይመጣል፣ ዐቢይ ጾም ግን የሚገባው የካቲት 29 ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ሰባት ቅዳሜና እሑድ ይኖርሃል። ዒዱ ደግሞ ዐቢይ ጾሙ በገባ ሰሞን ይውላል። ክርስቲያኑ ሲጾም የሙስሊሙ ሠርግ ይቀጥላል ማለት ነው። ጥሩ ዓመት ነው። ግን አየህ፣ «በወር 12 ቀን» የሚባል ነገር የለም። አንዱ ወር 14 ቀን ነው፣ ሌላው ወር ዜሮ።

ምርቃት፣ መውሊድ፣ ግሸን፣ የላሊበላ ገና ሁሉ ተደምሮ፣ አንድ ቦዲ በዓመት 35 ቀን ያህል ቢከራይ እኔ ጥሩ ነው እላለሁ። ያ ወዳጄም «እሱንም ካገኘ» አለኝ። እስቲ በ35 እንሂድ።

ሌላው ነገር፣ ካሜራው በወጣ ቁጥር ሹተሩ ይቆጥራል። ከሙሽራ ቤት እስከ አዳራሽ የሚቀርጽ ልጅ በቀን 2,000 ጊዜ ያህል ይጫናል። የተከራየ ካሜራ ሲሆን ደግሞ ጣቱ አይሳሳም። ካኖን ለ5ዲ ማርክ 4 ሹተር የሰጠው መለኪያ 150,000 ጊዜ መጫን ነው። ለ6ዲ 100,000። ይህ ዋስትና አይደለም። አንዳንዱ ቀድሞ ይሞታል፣ አንዳንዱ አልፎ ይሄዳል። ጠጋኝህ ያለህን 30,000 ብር ለ150,000 ብናካፍለው አንድ ጊዜ መጫን 20 ሳንቲም ይመጣል። በቀን 2,000 ጊዜ ከተጫነ 400 ብር ነው። ስለዚህ ከ1,500ው ውስጥ 400ው ያንተ አይደለም፣ የሹተሩ ነው። የቀረህ 1,100 ነው።

150,000ን ለ1,100 አካፍል። 136 ቀን። በዓመት 35 ቀን ከሆነ ወደ አራት ዓመት ገደማ። አንተ ዘጠኝ ወር ብለሃል። እህትህ ልትመጣ የቀራት ግን አንድ ዓመት ከምናምን ነው።

ይህንንም ያሰላሁት ምንም ነገር ካልጠፋ፣ ካልወደቀ፣ ውኃ ካልገባ ነው። እዚህ ላይ የልጅነቴን ነገር ላውራህ። ኮምቦልቻ ሳለን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የሚያከራዩ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩን። ለሠርግም ለለቅሶም ነው። ዕቃው ሲመለስ የሙሽራዋ አባት ቆሞ እያየ ብርጭቆውን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። እናቴ ታፍርላቸው ነበር፤ «ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ነው» ትላለች። ልጅ ስለነበርኩ እኔም አፍር ነበር። አንድ ቀን ግን ሰምቼ ነው፣ «ብርጭቆ ሲሰበር አውቀዋለሁ፣ ሒሳቤ ውስጥ አለ። የሚያከስረኝ ድንኳኑን ይዞ የሚጠፋው ነው» አሉ። ካሜራውም እንደዚያው ነው። እየተጫነ ቢያረጅ ዋጋውን አስልተሃል። አንድ ካሜራ ግን አንድ ጊዜ ቢጠፋብህ የ136 ቀን ኪራይ አብሮ ሄደ። ያ ማለት የአንድ ካሜራ የአራት ዓመት ሥራ ነው። ድስት ሰርቆ የሚሸጥ ሰው ሩቅ አይሄድም። ካሜራ ግን ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ነገ አዲስ አበባ ነው።

አሁን የሚቀጥለውን ነገር ማንም አልነገረህም ብዬ እገምታለሁ። «ቦዲ አከራየን» ብለው የሚደውሉልህ መቼ ነው? ጥር ላይ ቅዳሜና እሑድ፣ ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜና እሑድ አይደለም? ያን ቀን አንተ የት ነህ? አንተም ሠርግ ላይ ነህ። ለሠርግ የሚወጣ ባለሙያ ደግሞ አንድ ቦዲ ይዞ አይወጣም። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ያወጣል፤ ሙሽራን «ቆይ ነገ ልቀርጽሽ» አይሏትም። የኪራይ ገበያው የሚደምቀው አንተ ራስህ ሁለቱንም በምትፈልግበት ቀን ነው። ባዶ በምትሆንበት ቀን ግን የሚከራይም የለም። ሁለት ተጨማሪ ካሜራ ልግዛ ያልከው ይህ በውስጥህ ገብቶህ ይመስለኛል። ግን አራት ካሜራ ቢኖርህም ገበያው ያው የሠላሳ ምናምን ቀን ገበያ ነው።

የብሩንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ጨምሯል። «ካሜራ ዋጋው አይወርድም፣ ነገ በበለጠ እሸጠዋለሁ» የሚሉህ ይኖራሉ። በብር ሲታይ እውነት ሊመስል ይችላል። ግን ሸጠህ ሌላ ልትገዛ ስትል እሱም በዚያው ልክ ጨምሮ ታገኘዋለህ። 5ዲ ማርክ 4 የወጣው በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ድንቅ ካሜራ ነው ይላሉ። ካኖን ከእሱ በኋላ ሌላ 5ዲ አላወጣም። በፈረንጆቹ 2018 ወደ ኢኦኤስ አር፣ ውስጡ መስተዋት ወደሌለው አዲስ ዓይነት ካሜራ፣ ወደ ሚረርለሱ ሄደ። እህትህ በምትመጣበት ጊዜ ተከራዮችህ «ሚረርለስ የለህም?» ማለት ጀምረው ይሆናል። ምናልባት አሁንም እያሉህ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄህ ሳልሸሽ ልመልስ። ያለህን፣ በሥራ ፈት ቀን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን 6ዲ ለምታውቀው ሰው በውል ብታከራየው ያዋጣል። ለመግዣ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣህበትም፤ የሹተሩን ድርሻ ካስቀመጥክ የቀረው ትርፍ ነው። ለማከራየት ብለህ፣ በእህትህ ገንዘብ፣ ሁለት ቦዲ መግዛት ግን እኔን አላሳመነኝም። ያዋጣል የሚልህ ሰው ካለ፣ ስንት ቀን በዓመት እንዳከራየና ስንት ካሜራ እንደጠፋበት ጠይቀው።

ወደ እህትህ ልመለስ። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ያጠራቀመችው ብር አሁን በአንተ ሒሳብ ውስጥ ነው። አንተ ክፉ ሰው እንዳልሆንክ ደብዳቤህ ይመሰክራል። እንዲያውም ያስጨነቀህ ውለታዋን በትልቅ ነገር የመመለስ ፍላጎት ይመስለኛል። የድሮውን ብር አልመለስክላትም፣ ስለዚህ አሁን አሥራ ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ወር፣ 36,000 ብር እያልክ አንድ ጊዜ ልታስደንቃት ፈለግህ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። ግን እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ ይህ ገንዘብ የአንተ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቦዲ ትገዛበት ነበር? ወይስ ሩቁን የሚያቀርበውን 70-200 ሌንስ ትገዛ ነበር?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። «የሚጠብቀኝ ሥራ» ስትል እሷ ምን ዓይነት ሥራ አስባ ይሆን? ካሜራ መያዝ ትችላለች? ትፈልጋለች? ወይስ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ? ስፌት? ምግብ ቤት? ከአረብ አገር የሚመለሱ ልጆችን አውቃለሁ። ቤተሰቡ ባጃጁን፣ ከብቱን፣ መሬቱን ገዝቶ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ግን ሲመጡ የሚቀመጡበት ወንበር የላቸውም። ሁሉ ነገር በወንድም ስም ነው፣ ሁሉ ነገር በወንድም እጅ ነው የሚሠራው። ወንድምየው አልከዳቸውም። ብቻ አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ ደውልላት። ስልክ የምትይዝበትን ሰዓት ጠብቅ። «አንድ ነገር እጀምርልሻለሁ» ያልከውን ፍታላት። «ካሜራ ላከራይ አስቤ ነበር፣ ሒሳቡን ስሠራው ግን በአራት ዓመት ነው የሚመለሰው፣ ይጠፋልም፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» በላት። የድሮውንም ብር አንሣ። ስንት እንደነበር፣ በወር ስንት እንደምትመልስ ቁጥር ንገራት። ምናልባት «ተወው ወንድሜ» ትልሃለች። ትበልህ፤ አንተ ግን ቁጥሩን ንገራት። ይህን ስታደርግ ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለሌላው ሁሉ እጅህ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡንም እስክትመጣ በእሷ ስም ባንክ ውስጥ እንዲቀመጥ ብታደርግ እኔ ደስ ይለኛል። ስሟ ያለበት ደብተር በእናትህ እጅ ይሁን። እናትህ ያሉትን ወርቅ አልንቅም። ወርቅ አያረጅም፣ ጥምቀት ላይ ውኃ አይገባበትም። ግን እሱንም ቢሆን እህትህ ትወስን።

እሷ «ከአንተ ጋር በፎቶ ሥራ ልግባ» ካለች ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ከገንዘቡ ጥቂቱን ብቻ፣ አንተ ራስህ ሠርግ ላይ በምትጠቀምበት ዕቃ ላይ አውሉ። ጥሩ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ መብራት። ያ ወዳጄ «ቦዲ እንደ ስልክ ነው፣ ሌንስ እንደ ጎማ ዛፍ ነው» አለኝ። ስለ ጎማ ዛፉ አልገባኝም፤ ሐሳቡ ግን ገብቶኛል። ካኖን አዲስ ቦዲ ሲያወጣ የድሮው ቦዲ ዋጋው ይወርዳል። የኢኤፍ ሌንስ፣ ያንተ ካሜራዎች የሚወስዱት ዓይነት፣ ግን በአዳፕተር (በማገናኛ) ሚረርለሱ ላይም ይሠራል፤ ትውልድ ይሻገራል። ቦዲ ያለው ግን 70-200 የሌለው ካሜራማን ደሴ ውስጥ ስንት ነው? ሌንስ ሹተር የለውም፣ 2,000 ጊዜ ቢጫኑትም አያልቅም። ከሥራህ የምታገኘው ገቢ ላይ ለእህትህ በወር ወይም በሠርግ ድርሻ ቁረጥላት። በጽሑፍ ይሁን። ለሥጋ ዘመድ ውል መጻፍ ነውር ነው የሚል ካለ፣ እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት።

ያን ካልኩ አይቀር፣ ወደ አጎትህ ልጅ እንምጣ። 9,000 ብርህን ከፍለህ ዝም አልክ። ደግ ልብ ነው። ግን አስተውል፤ አንተ ዝም ስላልክ እሱ ዕዳ እንዳለበት አያውቅም። የሚቀጥለው ጥምቀት ይመጣል፣ ይደውላል። አንተ ስልኩን ታያለህ፣ ሆድህ ይጨነቃል፣ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ለሦስት ወር አታናግረውም። ዝምድናውን የሚጎዳው የቱ ነው ትላለህ፣ ማስከፈሉ ወይስ ማኩረፉ?

ይሉኝታ እንደሌለው ሰው ሁን አልልህም። ወሎዬን ይሉኝታ ተው ማለት ቡና በበረካ ሳይጨርስ ተነሣ እንደማለት ነው። ግን ይሉኝታህን አንድ ቦታ አስቀምጠው፤ ዋጋው ላይ ይሁን። ለአጎትህ ልጅ 1,500ው 700 ይሁን፣ ከፈለግህ 300 ይሁን። ፊርማው ላይ ግን አትቀንስ። የሚለወጥ ካርቦን ያለው የደረሰኝ ጥራዝ የመሰለ የውል ደብተር ግዛ። ቀጭን ትሁን፣ ግን ጠረጴዛህ ላይ ሁሌ ትታይ። ማንም ይምጣ፣ ሚኒስትርም ይሁን ታናሽ ወንድምህ፣ ካሜራው ሲወጣ ደብተሩ ይከፈታል። «እኔ አይደለሁም፣ ደብተሩ ነው» ትላለህ። ያሳፍርሃል የምትለው ነገር ከሦስተኛው ሰው በኋላ ለሁሉም ልማድ ይሆናል።

ውሉ ላይ የሚገባውን ከወዳጄ ጠይቄ ጽፌልሃለሁ። የተከራዩ ስምና የፋይዳ ቁጥር። የካሜራው ሴሪያል ቁጥር። የወጣበትና የሚመለስበት ቀንና ሰዓት። ሹተር ካውንቱ (ሹተሩ የተጫነበት ብዛት) ሲወጣ ስንት፣ ሲመለስ ስንት። ቢጠፋ ወይም ቢሰበር የሚተካበት ዋጋ በቁጥር። የአንድ ቀን መዘግየት የሚያስከፍለው። እና የዋስ ስምና ፊርማ። ዋሱ ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ይሁን። ተከራይቶ የወሰደውን ዕቃ የራሱ አድርጎ የሸጠ ሰው በሕግ «እምነት ማጉደል» በሚባለው ወንጀል ይጠየቃል። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው «ውሉስ የታለ?» ተብለህ ነው። ብር መያዣም ጠይቅ፤ የካሜራውን ዋጋ ሙሉ የሚያስይዝ አታገኝም፣ ግን ስክሪን የሚያሠራ ያህል ይሁን።

ከመስጠትህ በፊት ተከራዩ እያየ ነጭ ግድግዳ ላይ በኤፍ 16፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበህ ማለት ነው፣ አንድ ፎቶ አንሣ። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ያለው አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሲመለስም እንደዚያው። ክርክሩ አለቀ። ሜሞሪ አብረህ አታከራይ። 6ዲ አንድ የኤስዲ ሜሞሪ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ሜሞሪው ከተበላሸ ሠርጉ ጠፋ ማለት ነው። ሜሞሪው የአንተ ከሆነ የሙሽራው ቤተሰብ አንተ ደጅ ነው የሚመጣው። ፎቶ ቢጠፋ ኃላፊነቱ የተከራዩ እንደሆነ አንዲት መስመር ጻፍ። ወደ ቆላ ለሚወርድ ተከራይም ንገረው፦ ከደሴ ብርድ ወጥቶ ሐርቡ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ቦርሳውን ወዲያው አይክፈት። ቀዝቃዛ ካሜራ ላይ እርጥበት ያዛል። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ይህን የማያውቅ ካሜራማን ብዙ ነው አለኝ ወዳጄ፣ እየሳቀ።

እና ደግሞ፣ አንድ ነገር ላስብ አልኩ። ካሜራውን ብቻ ከመስጠት ከሰው ጋር ብትልከውስ? ፎቶ ቤትህ የሚረዳህ ልጅ አለ? ወይም ልታሠለጥነው የምትችል? ካሜራው የአንተ፣ የሚይዘው የአንተ ልጅ፣ ሥራው የሌላው ካሜራማን። ለልጁ ቀኑን ትከፍለዋለህ፣ ካሜራው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኪራዩ ከ1,500 ከፍ ይላል፣ ሌሊት አልጋህ ላይ ሆነህ «የት ደርሶ ይሆን» ማለቱም ይቀራል። እህትህ ፍላጎት ካላት ደግሞ ያ የሚይዘው ሰው ነገ እሷ ልትሆን ትችላለች። ለሴት ቤት ኒካህና ለሙሽራ ልብስ ቀን ሴት ካሜራማን የሚፈልግ ቤተሰብ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው። ይህን ስትደውልላት ጥቀስላት። አትገፋፋት ግን።

አሁን ሰኔ ነው። እስከ 2019 ዐቢይ ጾም ጊዜ አለህ፤ ይህን ወቅት መሞከሪያ አድርገው። 6ዲውን ብቻ አከራይ። አንድ ደብተር ያዝ፣ ለኪራይ የደወለውን ሁሉ ጻፍ። የሰጠኸውንም ያልሰጠኸውንም። «ጥር 16 ጠየቀ፣ እኔ ሠርግ ላይ ነበርኩ፣ አልሰጠሁም።» «የካቲት 5 ጠየቀ፣ 1,500 ብር፣ በሰዓቱ መለሰ።» የካቲት መጨረሻ ላይ ቁጥር። ከሠላሳ በላይ ቀን፣ አንተ ካሜራውን የማትፈልግበት ቀን፣ ዋስ የሚያመጣ ተከራይ ካገኘህ፣ ያን ጊዜ አንድ ተጨማሪ ቦዲ በራስህ ትርፍ ግዛ። ካላገኘህ ምንም አልከሰርክም። ንግድ ቢሮም ጎራ በልና ፎቶ ቤት የሚለው ፈቃድህ ዕቃ ማከራየትን ያካትት እንደሆነ ጠይቅ። ነገ ውል ይዘህ ክስ ብትሄድ ፈቃድህ ራሱ ጥያቄ እንዳይሆንብህ።

ከዚያ በፊት ግን የ6ዲውን ስክሪን አሠራው። ስንጥቅ ያለበት ካሜራ አከራይተህ ሌላ ስንጥቅ ይዞ ቢመለስ «ድሮም ነበረ» ይሉሃል። ለማሠሪያውም የአጎትህን ልጅ ግማሹን ጠይቀው። «ወንድሜ፣ የባለፈውን ስክሪን ልናሠራው ነው፣ አንተ ስንት ትችላለህ?» ብቻ በለው። የሚሰጥህን ተቀበል፤ ትንሽም ብትሆን ደብተሩ ላይ ጻፋት።